ተኝቶ የሚለካ

ሐምሌ 4 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ያቺ ጠዋት ጠዋት አልነሳ የምትለው የስፌት መኪናዎ ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የሚያመኝ የለም።

ለምን እንደማልደውል ያውቁታል። «ደህና ነን፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ» ብለው ከመዝጋትዎ በፊት ትንፋሼን እንኳ አልስብም። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ፊቴ ላይ አይዘጋም።

ሥራዬን ለምጄዋለሁ። የማስታምማቸው ሴትዮ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። እግራቸው ቢይዛቸውም ምላሳቸው ይሮጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከመስኮቱ ሥር የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፤ ፒያኖው ላይ ደግሞ አንዲት ወፍራም ድመት ተጋድማ ትውላለች። የራሴ ክፍል አለኝ፣ ሰፊ ነው፣ ስለ እኔ አያስቡ።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ዳኛው እንዴት ነው? «ውሻና ልብስ ሰፊ አይስማማም፤ ጸጉሩ የሰው ኮት ላይ ይቀራል» እያሉ ገመዱን ከእጄ የተቀበሉኝን አልረሳም። ቡችላ ሳለ አፍጥጦ ስላየዎት ዳኛው ብለው ስም ያወጡለትም እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ግማሹ የእርስዎ ነው። አርጅቷል፤ የኋላ እግሮቹም ያሙታል። የት እንደሚተኛ ይንገሩኝ። ከዚህ ጋር ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ የውሻ አልጋ ከሱቅ ይግዙለት። እባክዎ ለሌላ ነገር እንዳያውሉት።

ጉልበትዎን የምትስም
የእህትዎ ልጅ፣ ድንቢጥ


ሐምሌ 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

ሰላምታዬ ደጅሽን ሳያንኳኳ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ መርፌውን ባያይ ክሩን ያያል፤ ወገቤ ጎንበስ ካልኩ አልቃና፣ ከተቃናሁ አልጎነብስ ይለኛል፤ መኪናዋ ከእኔ ትሻላለች።

ስለ ዳኛው እውነቱን ልንገርሽ። በሩ ላይ ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ የወጣሽበት የግቢ በር ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ይተኛል። እየጎተትኩ ቤት አስገባዋለሁ፤ ዞር ስል ተመልሶ ወጥቷል። ብቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ይሄ ግን እኔ ዘንድ እየበላ ላንቺ ነው የሚያለቅሰው። የእንስሳት ሐኪም አምጥቼ አሳየሁት። ወጣቱ ወገቡን ሲዳብስ ቆይቶ፣ «አባቴ፣ ቅዝቃዜው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል። የብርዱ ወራት ሳይመጣ ከዚህ ሲሚንቶ ካልተነሳ ብርዱን የሚሻገረው አይመስለኝም» አለኝ። ልደብቅሽ አስቤ ነበር፤ ግን ውሻው ያንቺ ነው።

የሱቁን አልጋ ሄጄ አየሁት። ከእኔ አልጋ ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ከእኔ አልጋ ይበልጣል። ገንዘብሽን እንደታሸገ አስቀምጬልሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጀርባ ስለካ የኖርኩ ሰው ለአንድ ውሻ ፍራሽ አላንስም ብዬ ዳኛውን አቆምኩት። ትከሻውን ለካሁ፣ ደረቱን ለካሁ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው ሥር ሜትሬን ዘረጋሁ። ዝም ብሎ ተለካልኝ፤ ከብዙ ደንበኞቼ ይሻላል፣ ሆዱን እንኳ አልሳበም። ከኮት የተረፈ ሱፍ ለላዩ፣ ያረጀ የጂንስ ሱሪ ለታቹ አደረግሁና ውስጡን በቁርጥራጭ ሞላሁት። ጠርዙን ለሙሽራ ኮት እንደማደርገው በእጄ ሰፋሁት።

ዳኛው መጣ። አሸተተ። ሊጋደም ሲሞክር ግማሹ አልጋው ላይ፣ ግማሹ ሲሚንቶው ላይ ሆነ። ከዚያ አየኝ። አስተያየቱን ታውቂዋለሽ፤ ይግባኝ የለውም። አልጋውን በጥርሱ ይዞ ግቢው መሃል ጎተተና ሆድ ዕቃውን ዘረገፈው። ጎረቤታችን ነርሷ ባጥር ብቅ ብላ፣ ደንበኛህን ልኩ አልሆነውም መሰለኝ አለችኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ እኔም ቁርጥራጬን ስለቅም ዋልኩ። ከካልሲና ከጨርቅ ኳስ ሠርቼለት ነበር፤ እሱንም ወስዶ ጽጌረዳዬ ሥር ቀበረው።

ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ አልገባኝም። ጠባዩን የምታውቂው አንቺ ነሽና ምከሪኝ። ደግሞ ስድስት ወር ብለሽኝ ነበር፤ ስድስት ወሩ አልፏል፤ መምጫሽን አልጻፍሽልኝም።

በወጣሽበት በሰላም ያስገባሽ።
አጎትሽ


ነሐሴ 25 ቀን

ለውድ ጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወገብዎ ተቃንቶ ያግኝዎ። የእርስዎን ለእማማ እየተረጎምኩ ሳነብላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ ውሻው ሲለካ ቆሞ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው፣ «ታዲያ ኮት ሊለብስ ነው?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ልብስ ቆሞ ይለካል፤ አልጋ ግን ተኝቶ ነው የሚለካው። ዳኛው ሲበርደው እንደ ጥቅል ክር ይሆናል፤ ሲሞቀው ደግሞ አራት እግሩን ዘርግቶ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ደህና እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቀው፣ አጠገቡ ዝቅ ብለው ይለኩት።

መጫወቻውንም ጨርቅ ብቻ አያድርጉት፤ ድምፅ ይወዳል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ካልሲ ውስጥ ይክተቱና አፉን ይቋጥሩት፤ ሲነክሰው ይንኮሻኮሻል። ወይም ያረጁ ቲሸርቶች ይቅደዱና እንደ ሹሩባ ጎንጉነው፣ ጫፍ ጫፉን አጥብቀው ይሰሩለት፤ አንዱን ጫፍ እርስዎ ይዘው ይጓተቱት። እኔ ለድመቷ ከካርቶን ቤት ሠራሁላት፤ በርና መስኮት አወጣሁለት። እሷ ግን ጣራው ላይ ወጥታ ተኛች፤ አሁን ቤቱ የለም፣ ምንጣፍ ሆኗል።

በፖስታ አንድ ሹራብ ልኬያለሁ። አላጠብኩትም፤ ነውር ነው እንዳይሉኝ፣ ሽታዬ እንዳይለቅ ብዬ ነው። እጅጌዎቹን በቁርጥራጭ ጠቅጥቀው ዙሪያውን እንደ ትራስ ያዙሩለት፤ የሹራቡ ገላ የአልጋው ወለል ይሁን። ምናልባት እኔ ያለሁ መስሎት ይገባ ይሆናል።

በሩ ላይ ይተኛል ያሉኝን ሳነብ ሆዴ ባባ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ትንሽ ደስም አለኝ። ከሥራ በኋላ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ አያለሁ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ወዳለበት ይሄዳል። እኔንም አንድ በር ላይ የሚጠብቀኝ አለ ብዬ አሰብኩ። ይሄ ለእግሩ ክፉ መሆኑን አውቃለሁ፤ ደስታዬ ግን ሳያስፈቅደኝ ነው የመጣው።

ስለ መምጣቴ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እማማ ገና ብዙ ይፈልጉኛል።

ናፋቂዎ፣ ድንቢጥ


ጥቅምት 20 ቀን

ለድንቢጤ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሹራቡ ከደረሰኝ ቆየ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ የምጽፈው አልዋጥ ብሎኝ ነው።

መጀመሪያ የደስ ደሱን። ያልሽውን አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታው ዳኛው ሲያንኮራፋ፣ ሜትሬን ይዤ አጠገቡ መሬት ላይ ተጋደምኩ። ነርሷ አይታኝ የወደቅሁ መስሏት ባዶ እግሯን እየሮጠች መጣች፤ ውሻ እየለካሁ ነው ብላት የባሰ ደነገጠች። ይሄን ያህል ቀርቤው አላውቅም ነበር። ለካ ሲተኛ ሌላ ሰው ነው። ግንባሩ ይፈታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እግሮቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ በሕልሙ ይሮጣል። ያ ቁጭ ብድግ የሚያቅተው ሽማግሌ በሕልሙ እንደ ጉድ ይሮጣል። ስለዚህ በልኩ ላይ ለሩጫው የሚሆን ትርፍ ጨመርኩለት። ጠርሙሱን ወዶታል፤ ጎረቤት ሁሉ ረግሞኛል።

አሁን ወደ ሹራቡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፤ መቀሴን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጄ፣ የሰው ልብስ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ልብስ የት የት እንደሚሳሳ አውቃለሁ። ለብሰውት አልጋ ላይ የሚተኙበት ሹራብ ጎኑና ዳሌው ላይ ነው የሚያልቀው። ያንቺ ጎኑ እንደ አዲስ ነው። ያለቀው ሁለቱ ክርኖችና ጀርባው ላይ፣ ከትከሻሽ ዝቅ ብሎ ያለው አንድ መስመር ነው። እሱ የወንበር መደገፊያ ነው። ቀን ቀን ብቻ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን እንደዚህ አይጨርስም።

ሰፊ ክፍል አለኝ ብለሽኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አትሁኚብኝ። የት ነው የምትተኚው? ደግሞስ ሌላ ሹራብ አለሽ? ከሌለሽ ይሄን መልሼ እልክልሻለሁ እንጂ መቀስ አላሳርፍበትም። ብርዱ እየመጣ ነው፤ ዳኛውም አሁንም ሲሚንቶው ላይ ነው፤ ስለዚህ መልስሽ አይዘግይ።

አጎትሽ


ኅዳር 27 ቀን

ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ላይ ሹራቡ የሌላ ሰው ነበር ብዬ ነበር። ያምኑኛል ብዬ ሳስብ አፈርኩ።

ወንበር ላይ ነው የምተኛው። ክፍሉ አለ፣ አልዋሸሁም፤ ግን እስከ ጣራው በካርቶን ተሞልቷል፤ የእማማ የሙዚቃ ወረቀትና የባለቤታቸው ዕቃ ነው። እማማ ደግሞ ሌሊት ሲነቁ ሰው ካላዩ ይፈራሉ። ስለዚህ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ ነኝ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ይመቸኛል አልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ አይመቸኝም የምልበት ቀን ጠፋ። ለእርስዎም ያልነገርኩት ልመልስሽ እንዳይሉኝ ብዬ ነው።

ሌላ ሹራብ አለኝ፤ እማማ የሰጡኝ ነው፣ ወፍራም ነው። ይሄን በዳኛው ሞት ይመኑኝ ልልዎ ነበር፤ ሞቱን ማንሳት ስለፈራሁ ተውኩት። እባክዎ ይቁረጡት።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለልጄ፣ ለድንቢጤ፤

ጤናና ዕድሜ ከነሙሉ እንቅልፉ ይስጥሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስፌት መኪናዋ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ትንሽ ቆየሁ። አልተቆጣሁሽም። አንጀቴን በላሽው እንጂ።

ሹራቡን ቆርጫለሁ። እጅጌዎቹን ጠቅጥቄ ዙሪያውን አዞርኩት፤ ለገላው ከሥር የአሮጌ ፍራሼን ስፖንጅ ለሁለት ከፍዬ አደረግሁበት፤ እርጥበት እንዳያልፍ ከታች የጆንያ ገበር ሰጠሁት። ዳኛው ሦስቴ ዞረው፣ ከዚያ አንዱ እጅጌ ውስጥ አፍንጫውን ወትፎ ተዘረጋ። ፍርዱ ለእኔ ሆኗል።

አሁን የራስሽን ጉዳይ ስሚኝ። ነርሷ ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ከተማ ትመጣለች፤ አንድ ጥቅል ይዛልሻለች። ፍራሽ ነው። ቀን ታጥፎ ከእማማ አልጋ ሥር ይገባል፤ ሲዘረጋ ካጠገባቸው ይሆናል፤ ሲነቁም ያዩሻል። ምንም አላወጣሁበትም፤ ግማሹ ከዳኛው የተረፈ ስፖንጅ ነው፣ ላዩ የኮት ገበር ነው፣ ሐር የሚመስለውን መርጬልሻለሁ።

ልክሽን አልጠየቅሁሽም። ዩኒፎርምሽን የሰፋሁ እኔ፣ መሄጃ ኮትሽን የሰፋሁ እኔ፤ ቆመሽ ስንት እንደሆንሽ በቃሌ አውቀዋለሁ። ተኝተሽ ስንት እንደሆንሽ ግን አሰብኩ። ሕፃን ሳለሽ እናትሽ ጋ ስትተኚ እጅና እግርሽን ዘርግተሽ እሷን ከአልጋ ትጥያት ነበር፤ እህቴ ነፍሷን ይማረውና ወለል ላይ ተቀምጣ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር። በዚያ ነው የሰፋሁት። ወንበር ያጣጠፈሽን ትቼ፣ የጥንቷን ለክቼ። በሕልምሽ የምትሮጪ ከሆነም ብዬ ትርፍ ጨምሬበታለሁ።

አጎትሽ


ጥር 18 ቀን

ለውድ ጋሼ፤

እጅዎ ይባረክ፤ መርፌዎ አይዝግ። ነርሷ ጥቅሉን አራት ፎቅ ተሸክማ ስታመጣልኝ ሊፍት እንዳለ አላየችም ነበር፤ ፎቁንም እርስዎንም አንድ ላይ ስትረግም ሰማሁ።

ስዘረጋው እማማ በምርኩዛቸው ጫን ጫን አድርገው ፈተሹት። ማን እንደሠራው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይመቸኛል ያልሽኝ እኔን ላለማስቸገር ነው?» አሉኝ። እኔ የፍራሹን ጠርዝ አቃናሁ፤ እሳቸው ምርኩዛቸውን ወደ ወንበሩ ቀሰሩ። ወንበሩን ከክፍሉ አስወጡት። መጀመሪያ የተኛችበት ድመቷ ናት፤ በግድ ነው ያስለቀቅኳት።

ጋሼ፣ ተዘርግቼ ተኛሁ። እግሬን ዘረጋሁ፣ ጫፉ አልደረሰም፤ ገና ትርፍ ነበረው። ጠዋት የቀሰቀሱኝ እማማ ናቸው። ያን ቀን ሥራዬን ሁሉ ስሠራ ሰው ሰው ሸተትኩ።

አሁን የመደበቅ ዘመን ካበቃ፣ የራሴን ልንገርዎት። ቶሎ አልመጣም። እማማን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፤ ውሉን ለአንድ ዓመት አራዝሜያለሁ። ይሄን ለመጻፍ ነው ስንት ደብዳቤ የዞርኩት።

የእርስዎ ተራ ነው። አልጋውን የት እንደዘረጉለት አልነገሩኝም። ዳኛው በሩ ላይ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? በሩ ላይ ከሆነ ስለ እግሩ እሰጋለሁ። ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ፣ ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።

የእርስዎው፣ ድንቢጥ


የካቲት 12 ቀን

ለድንቢጤ፤

ባለሽበት ሰላም ይክበብሽ። አንድ ዓመቱን ሰማሁ። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽሽም፤ ግን ታማሚ ጥለሽ ብትመጪም ቅር ይለኝ ነበር። ስለዚህ በርቺ።

ጥያቄሽን ሳልዞር ልመልስ። ቤት ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዬ ሥር ይተኛል፤ ፔዳሉን ስረግጥ ጭራውን እንዳልረግጥበት አንድ እግሬን አጥፌ ነው የምሠራው። ሐኪሙ መጥቶ አይቶት ይሄ ውሻ ብርዱን ተሻግሯል አለኝ።

መጀመሪያ አልጋውን የዘረጋሁለት በሩ ላይ ነበር። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆኖ በአንዴ እንደማይገባ ስላወቅሁ፣ እሱ ሊሸና ሲነሳ ትንሽ ትንሽ ወደ ቤት ሳብኩት። ከበሩ ወደ ጽጌረዳው፣ ከጽጌረዳው ወደ ደረጃው። ጽጌረዳው ጋ ሲደርስ የቀበረውን የካልሲ ኳስ አውጥቶ ይዞ መጣ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሞ ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ አልጋውን ተከትሎ ገባ።

ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ለዚህ ነው። በር ላይ የሚጠብቀኝ አለ ብለሽ ደስ ብሎሽ ነበር፤ እኔ ያንን ደስታ በእጄ እየጎተትኩ ነው ቤት ያስገባሁት። ዳኛው አልረሳሽም፤ አፍንጫው እስካሁን እጅጌሽ ውስጥ ነው። ግን መጠበቁን ትቶ መተኛት ጀምሯል፤ አንቺም እንደዚያው።

በሩ ግን ባዶ እንዳይመስልሽ። አመሻሽ ላይ ሥራዬን ስጨርስ ወንበሬን እዚያ አወጣለሁ። ከጉዞዋ የተመለሰችው ነርሷ አይታኝ ምን እየሠራህ ነው አለችኝ፤ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው አልኳት። ፀሐይዋ ያን ጊዜ እዚያ ጋ እንደማትደርስ ታውቃለች። በማግስቱ ለወንበሬ የሚሆን ትራስ ሰፍታ ይዛልኝ መጣች። ስፌቱ ጠማማ ነው። ልኩ ግን ልክ ነው፤ ተቀምጬ ስጠብቅሽ አይታኛለች።

አጎትሽ